አማቼ እንቆቆ የጠጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከጤና ጣቢያ ሁለት ፍሬ ክኒን ይዞ መጣና «እማማ፣ የኮሶ ትል መድኃኒት ይኸው ነው፤ በውኃ መዋጥ ነው፣ አለቀ» አለኝ። አለቀ! እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ በጣሊያን ጊዜ እንደዚያ ባልተቃጠልኩ ነበር።

ቤታችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ባሌ አርበኛ ሆኖ ጫካ ሲገባ እኔና አባቱ ቀረን። አማቼ ቄስ ነበሩ፤ ደግ፣ ግን ግትር። በየሁለት ወሩ እንቆቆ ካልጠጡ ደህና የሆኑ አይመስላቸውም። «ኮሶ አንጀት ይቆርጣል፤ እንቆቆ ግን ትሉን ለይቶ ነው የሚያወጣው» ይሉኛል። ደቃቃዋን ደረቅ ፍሬ እወቅጣለሁ፣ በውኃ እበጠብጣለሁ፤ እሳቸው ራት ሳይበሉ አድረው በማለዳ ይጨልጡታል።

አንድ የጥቅምት ማለዳ ጎረቤታችን እታጉ ሁለት ልጆቿን እየጎተተች ደጃችን ደረሰች። «ጣሊያንና ባንዳ ከአንኮበር እየወረዱ ነው! የአርበኛ ቤት ያቃጥላሉ!»

ዞር ስል አማቼ ባዶ ዋንጫ ይዘው ጺማቸውን ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ ይነሱ እንሂድ!»

«አሁን ጠጥቼ? መድኃኒት የጠጣ ሰው መንገድ አይሄድም።»

«ጣሊያን መጣ እኮ ነው የምልዎ!»

«ትናንት ቢመጣ ምን ነበረበት?»

እታጉ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ብንጨቃጨቅ፣ ብንጨቃጨቅ አልሆነም። በመጨረሻ «ሂጂ አንቺ፤ እንከተልሻለን» አልኳት።

እጃቸውን ጎትቼ ቁልቁለቱን ጀመርን። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ «ቆይ ልጄ» ብለው አጋሙ ሥር ይገባሉ። ይወጣሉ፤ ደግሞ «ቆይ ልጄ»። ዱቄትና ውኃ ተሸክሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጥርሴን እያፋጨሁ እቆማለሁ። በአራተኛው በንዴት አለቀስኩ።

«ጥዬዎት እሄዳለሁ!»

«ሂጂ» አሉኝ ከቁጥቋጦው ውስጥ። «ውኃውን ግን ተዪልኝ።»

እንዴት ጥያቸው እሄዳለሁ? ቁጭ አልኩ። ወዲያው ከታች፣ ከወንዙ መሻገሪያ ተኩስ ተሰማ። ሌሎች ወታደሮች በሌላ በኩል ዞረው መሻገሪያውን ገና መያዛቸው ኖሯል። እስኪመሽ አጋሙ ውስጥ ተኝተን፣ ከበላያችን ቤታችን ሲጨስ አየን። መሻገሪያው ላይ የተያዙትን ወደ ደብረ ብርሃን ነዷቸው አሉ። እታጉንና ልጆቿን ሁለተኛ አላየናቸውም።

አማቼ ግን እስኪሞቱ ድረስ በየማኅበሩ «እንቆቆ ለሆድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከጥይትም ያድናል» እያሉ ሰውን ያስቁ ነበር። ሰው ሲስቅ እኔ ጓዳ ገብቼ ድስቴን አማስል ነበር።

ዛሬ ልጆቹ ያንኑ ወሬ አውሪልን ብለው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ሽማግሌውንስ ምን እላለሁ፣ ሆድ ነው። የሚያበግነኝ ሌላ ነው፤ እታጉ ደጃችን ላይ ቆማ የጠበቀችን ያን ያህል ጊዜ ወንዙን ያሻግራት ነበር።