ሁለቱ የዘመቻ ወሮች

ከንፈሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሁሉ በረዶ አዳልጦኝ የወደቅሁ ይመስለዋል። የተመታሁ ነኝ፤ የመታኝም የሰው ክርን ነው። ሰውዬው ሊመታ ያሰበው እኔን ስላልነበረ፣ ነገሩን ከሥሩ መጻፍ ይገባኛል።

በወጣትነቴ ሕግ ተምሬ የሥራ ዕድሜዬን አዲስ አበባ በጡረታ መሥሪያ ቤት ስለጨረስሁ፣ እዚህ ኦስሎ ያለ የአገሬ ሰው የጡረታ ወረቀት ሲቸግረው ሃውገንስቱዋ ወዳለው ቤቴ ይመጣል። ያን ዕለት ጠዋት የመጣው አልናብሩ ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ የሚነዳ፣ ስድሳ የተጠጋ የወሎ ሰው ነበር። ዘጠናን የተሻገሩ እናቱን ደግፎ አስገባ። አባቱ ከወረራው አስቀድሞ ከድንበር ማዶ ተቀጥረው በቅኝ ገዥው መንግሥት ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ልጁ ገና ሳያድግ ሞተዋል። ከአንድ ቦታ ያገኘው የድሮ ደንብ፣ አሥራ አምስት ዓመት ላገለገለ ሰው መበለት አበል ይፈቅዳል። አበሉ እዚህ አገር የወር የባቡር ቲኬት እንኳ አይገዛም።

«ገንዘቡን ብዬ አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። የአባቱን አገልግሎት በማኅተም ጸድቆ ማየት ነበር የፈለገው። ሥርዓት አዋቂ፣ ሰዓት አክባሪ ሰው እንደነበሩ እየደጋገመ ነገረኝ። እናቱ ሻርፓቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይነበብለት አሻራውን እንዳይሰጥ ማድረግ የመሥሪያ ቤቴ ልማድ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልጣስሁትን ልማድ በጡረታዬ አልጥስም። ስለዚህ ልጁ ያመጣውን የአገልግሎት መዝገብ ከገዥዎቹ ባዕድ ቋንቋ እየተረጎምሁ፣ እናቱ ፊደል ስላልቆጠሩና ጆሯቸውም ስለደከመ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። አገልግሎቱ ለአሥራ አምስት ዓመት ሁለት ወር ይጎድለው ነበር። ደንቡ ግን በዘመቻ ላይ የዋለ ወር እጥፍ ይቆጠራል ይላል፤ መዝገቡም የሁለት ወር ዘመቻ ይዟል። ሞላ ማለት ነው። ልጁ ፈገግ አለ። እኔም በስሌቱ ረክቼ ንባቤን ቀጠልሁ። ከወንዝ ማዶ ሽፍታ ለማጽዳት የተደረገ ዘመቻ፤ ሦስት መንደሮች ተቃጠሉ፤ ሃምሳ አለቃው የተያዙትን በጅራፍ በመቅጣት ላሳየው ትጋት ተመሰገነ። የመንደሮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ።

ሦስተኛውን ስጠራ እናቲቱ እጃቸውን አነሱ። «እሱ አገሬ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነገሩን በዝግታ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በውቂያ ወቅት፣ ወታደሮች መጥተው የየቤቱን ክዳን በእሳት ለኮሱ። ከእሳቱ የሚሸሸውን ተኩሰው ጣሉት። አባታቸውን ከግራር ግንድ ጋር አስረው ገረፏቸው። እሳቸው ከጎተራው ሥር ተደብቀው ይሰሙ ነበር። አንድ ሰው በባዕድ ቋንቋ ጅራፉን ይቆጥራል። አባታቸው መሃል ላይ ሞቱ፤ ቆጣሪው ግን የታዘዘው ቁጥር ስላልሞላ ሬሳውን እያስገረፈ ሞላው። ዓመታት አልፈው፣ ዘመዶቻቸው ገበያ ከተማው ላይ ሱቅ ለከፈተ አንድ ጎልማሳ ዳሯቸው። በመጀመሪያው ወር ባልየው በቀበቶ ደበደባቸው። እየደበደበም ይቆጥር ነበር።

«ያው ድምፅ ነው» አሉ። «ሃያ አምስት ዓመት አብሬው ተኛሁ።»

«አርጅተሽ ነው፣ እማዬ» አለ ልጁ። «ሕፃን ነበርሽ። ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል።»

«አንተንስ ሲገርፍህ በምን ቋንቋ ነበር የሚቆጥር?»

ልጁ አንገቱ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረና ዘመቻው ቢቀር ምን ይሆናል ሲል ጠየቀኝ። ያለ ሁለቱ ወሮች ዘመኑ እንደማይሞላ ነገርሁት። ልዋሸው እችል ነበር፤ ግን ስሌት ነው። «እንግዲያው ይግባበት» አለና ለአሻራ ያዘጋጀሁትን የቀለም ሰሌዳ ከማመልከቻው ጋር ወደ እናቱ ገፋው።

እሳቸው እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሸጉ። ጎትቶ አወጣው። በመካከላቸው ስገባ ክርኑ አፌ ላይ አረፈ፤ የታች ጥርሴ ከንፈሬን በሳው፤ ደሜ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። አልቆመም። የእናቱን አንጓ ጠምዝዞ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያም በሁለት እጁ ወረቀቱ ላይ ጫነው። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። አልጮኹም። ዓይን ዓይኑን እያዩ መቁጠር ጀመሩ።

«ኡኖ። ዱዌ። ትሬ።»

አራተኛው ላይ ሲደርሱ ለቀቃቸው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

አሻራው ጥርት ብሎ ታትሟል። ከሥሩ ለምስክር የተተወ መስመር ነበር፤ አመልካቿ ወረቀቱ ተነቦላቸው በፈቃዳቸው ማተማቸውን አይቻለሁ የሚል። «በፈቃዳቸው» የሚለውን ሰርዤ «በግድ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀኑን ሞልቼ ፈረምሁ። ለልጁም ሰጠሁት። አንብቦ ሁለት ቦታ ቀደደው።

እናቲቱ ልብሳቸውን እንዲያመጣላቸው፣ ከእንግዲህ እሱ ቤት እንደማይገቡ ነገሩት። የት ልትገቢ ነው ቢላቸው ወደ እኔ ዞሩ። ቫይትቬት ሰፈር ለምትኖር አንዲት የአገራቸው ሴት ደወልሁ፤ ይምጡልኝ አለች። ልጁ ቀና ሳይል ወጥቶ ሄደ።

ሐኪም ቤት ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ ከንፈሬን ልሰፋ፣ እሳቸው አንጓቸውን ራጅ ሊነሡ። ተሰብሯል። ወጣቷ ሐኪም እንዴት እንደሆነ ጠየቀችና እንድተረጉም አየችኝ። ከፈለጉ ወደቅሁ ማለት እንደሚችሉ፣ ያሉትን ብቻ እንደምናገር በአማርኛ ነገርኋቸው።

«ልጄ ነው የሰበረኝ» አሉ። «ስሙንም ንገራት።»

ነገርኋት።