ካሲያን ከፍ ያደረገው ጉብታ

የሸለቆው ሰዎች ካሲያን መሬት ማንበብ ያውቅበታል ይሉ ነበር። በወጣትነቱ ቲሮል በሚባለው በረዷማ አገር፣ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ መስመሮችን ሲቀይስ ኖሯል። በኋላ ከወንዙ ዳር የጎልፍ ሜዳ ይሠራ ሲባል ሥራውን ለእሱ ሰጡት፤ እሱ ግን ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም። እንዴት ልትወጣው ነው ቢሉት፣

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አላቸው። «ለደፋሩ የሚያቋርጥበት፣ ለፈሪው የሚዞርበት መንገድ ትተውለታለህ። ውሃው በየት እንደሚወርድ ታያለህ። የቀረውን መሬቱ ራሱ ይሠራዋል።»

እንዳለውም ሜዳው አማረለት። ሰው ከሁሉ አብልጦ የወደደለት አንዲት ጉብታ ነበረች። ተጫዋቹ ከወዲህ ሆኖ ሲመታ ኳሱ ወዲያ ማዶ የት እንደወደቀ አያይም፤ ልቡ ተንጠልጥሎ ጉብታዋ ላይ ይወጣና ወይ ይስቃል ወይ ይራገማል። ካሲያን በዚህች ነገር ይኮራ ነበር። ስለዚህ መንሸራተቻውን የሚያስተዳድረው የተራራው ማኅበር «አሮጌው መስመር ሰለቸን የሚሉ በዝተዋልና አድስልን» ብሎ ሲጠራው፣ ወዲያው ትዝ ያለችው ያቺ የጎልፍ ሜዳ ጉብታ ናት። እዚያም መስመሩ መሐል አንድ ጉብታ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን በዶዘር ይደለድለው ነበር፤ እሱ ግን አፈር ጨምሮ ከፍ አደረገው።

ታላቅ እህቱ ኖትቡርጋ የመንደሩን ልጆች በረዶ ላይ መንሸራተት የምታስተምር ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ ቡርጊ ይላታል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ካሲያንን ያሳደገችው እሷ ናት። ሥራው ሊያልቅ ሲል በበጋ ወስዶ አሳያት። ጉብታውን ተሻግራ ወረደችና ሣሩ ላይ ተጋደመች።

«አሁን ታየኛለህ?» አለች ከማዶ።

«ድምፅሽን ነው የምሰማው።»

«እንግዲያው የወደቀ ልጅም አይታይም።»

ካሲያን ሳቀ። «ሰው እኮ ጉብታ ሲያይ ቀስ ይላል። አስተማሪ ሆነሽ ሁሉም ሕፃን ይመስልሻል።»

ቡርጊ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ መንደር ወረደች። ከዚያ በኋላ ስለ ጉብታው አላነሳችበትም።

በረዶው ሲጥል መስመሩ ተወደደ። ሰው ከጉብታው ላይ እየዘለለ ይጮህ፣ ይደሰት ነበር። ብርዱ በጠነከረበት ሰሞን ግን ከቡርጊ ተማሪዎች አንዷ ከጉብታው ማዶ ወደቀች። ቡርጊ ልጅቷን ወደ ዳር ገፍታ፣ የሚመጣውን ለማስጠንቀቅ ሽቅብ መውጣት እንደጀመረች አንድ ጎልማሳ ከላይ በርሮ መጣባት። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ቡርጊ ዳሌዋና ጭኗ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄደችም፤ በረዶ ላይም አልቆመችም።

መርማሪዎች መጡ። ጥፋቱ ከሰውየው ፍጥነት ነው ተባለ። የካሲያንን ስም ያነሳ አልነበረም፤ ቡርጊም ተጠይቃ ሣሩ ላይ የተባባሉትን አልተናገረችም። በበጋው ካሲያን ራሱ ዶዘር ላይ ወጥቶ ጉብታውን ደለደለው። መስመሩ ተመልሶ ሰለቸን ያሉም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመንሸራተቻ ሥራ ተቀብሎ አያውቅም። ይልቅ የእህቱን ቤት ይጠግን ጀመር። እንጨት ይፈልጥላታል፣ ጣሪያ ያድሳል፣ ደረጃ ያስተካክላል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሷ ዘንድ ሾርባ ይበላና ስለ ላሞች፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አየሩ ያወራል። እንዲህ እንዳሉ የሁለቱም ፀጉር ሸበተ።

አንድ እሁድ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ መደገፊያ ሊያበጅላት እንዳሰበ ሲነግራት፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ካሲ፣ ያልጠገንክልኝ ነገር የለም። እግርሽን ያምሻል ወይ ብለህ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ካሲያን አቀረቀረ። «ፈርቼ ነው» አለ።

«መፍራትህን አውቄ ነው እኔም ዝም ያልኩህ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።»

ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ያምሻል?» አላት።

«ያመኛል» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። አዲስ በረዶ የጣለ ጠዋት መጋረጃዋን እንደምትዘጋ፣ ያስተማረቻቸው ልጆች ወልደው የእነሱን ልጆች ሌላ ሰው ሲያስተምር እንደምታይ፣ ለብዙ ዓመት ያንገበገባት ከጉብታው ይልቅ ያን ዕለት፣ እሷ ሣሩ ላይ ተጋድማ ስታስጠነቅቀው፣ መሳቁ እንደነበረ። ካሲያን አላቋረጣትም። ሾርባው በረደ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ልጅነታቸው ሆኑ፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። ግን ብዙ አልቆየም። በተከታዩ ዓመት ሣር በሚታጨድበት ወራት ቡርጊ ሳንባዋን ታመመችና ሞተች።

ካሲያን አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። በጎልፍ ሜዳው ዳር ዳር እጁን ኪሱ ከቶ ይዘዋወራል። የሜዳው ጠባቂ ገብቶ ሻይ እንዲጠጣ ሲጠራው፣ «ሌላ ጊዜ» ይለውና መዞሩን ይቀጥላል።