ሞንታርቦ ያላስለቀቀኝ ቦታ

ይህ የሆነው አምና ክረምት ሊገባ ሲል ከምባታ፣ ሀደሮ ገበያ ውስጥ ነው። "ዘመኑ የማሽን ነው፣ እጅህን ስጥ" የሚለኝ ሰው በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሰልባጅ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ሸራ ዘርግቼ፣ በጉሮሮዬ እየጠራሁ እሸጣለሁ። ቦታዬ መግቢያው ላይ ነው፤ ሁሉም የሚመኘው ቦታ።

የዚያን ዕለት አንድ ጎረምሳ ነጋዴ አጠገቤ ሞንታርቦ ተከለ። ዘፈኑ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ በመሃል የተቀዳ ድምፅ "ና ግባ! ና ግባ!" ይላል። ደንበኞቼ ወደሱ ጎረፉ። እኔ ብጮህ የሚሰማኝ ሸራዬ ብቻ ሆነ።

"ጋሼ፣ ጉሮሮህን አትጨርስ፤ ለጸሎት ያስፈልግሃል" አለኝ እየሳቀ።

የገበያው አስተባባሪም መጣ። "ሰው መሳብ ካልቻልክ ከሚቀጥለው ገበያ ጀምሮ ቦታውን ለሱ ልቀቅ። አንተ ፍየል ተራ አጠገብ ትሆናለህ።"

"ፍየል ኮት አይለብስም። አልለቅም" አልኩት።

አልኩ እንጂ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ሞንታርቦው ፊት የቆሙት እናቶች እርስ በርስ ያወራሉ። ቆመዋል እንጂ አይሰሙም። በኛ አገር ሠርግ ላይ ደግሞ ዘፈን አውጪ ሲያወጣ አለመቀበል ነውር ነው፤ ሰውን አቁሞ እንደማዋረድ ይቆጠራል።

ዘፈኑ ሊቀየር ፋታ እስኪሰጥ ጠብቄ ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ የሚዘፈነውን የሠርግ ዘፈን በከምባትኛ አወጣሁ። ድምፄ መጥፎ ነው፤ ባለቤቴ ምስክር ናት። ግን ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም የምትለው ቅቤ ሻጯ ጎረቤቴ እትዬ አበበች ሳታስበው ተቀበለችኝ። ጀርባቸውን የሰጡኝ እናቶችም ተቀበሉ። ከዚያ ዞሩ።

ሁለተኛውን ስንኝ መሃል ላይ ቆረጥኩት። አንድ ኮት ከፍ አደረግኩ።

"ኧረ ጨርሰው! ሙሽራውን በር ላይ ገትረኸው?" አለች እትዬ አበበች።

"ኮት ሳይገዛ የት ይገባል?"

ሳቁ፤ ጭብጨባው ተነሳ። ጎረምሳው ድምፁን ጨመረ፣ እናቶቹም ጨመሩ። ማሽኑ ይጮሃል እንጂ ተቀበሉኝ አይልም። ከሚያጨበጭቡት መሃል አስተባባሪውን አየሁት።

"ቦታውስ?" አልኩት።

"አታቋርጥ፣ ቀጥል!" አለኝ።

ልጆቼ አሁንም ሞንታርቦ እንግዛልህ ይሉኛል። አልፈልግም። ድምፄ የጠፋ ቀን በገዛ እጄ ሸራዬን አጥፌ እሄዳለሁ። እስከዚያ የሚያነሳኝ ካለ፣ ይምጣና ይሞክር።