ካውያ የማያቃናው ስፌት

እናቴ «ካውያ የማያቃናው ጠማማ የለም» ትል ነበር። ይህን ስትል ያ ከሰል የሚበላ ከባድ ካውያ እጇ ላይ ነው፤ አመዱን እፍ እያለች፣ ትኩሳቱን በምራቅ ባራሰችው ጣቷ ነካ እያደረገች። እኔም አመንኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይህችን አንዲት ቃል ይዤ ሁለት ዓመት ያህል ኖርኩባት።

ቤታችን አስመራ፣ ሓዝሓዝ ሰፈር ነበር። ብዙ ቤተሰብ በአንድ የውጭ በር ገብቶ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ ግቢውን ካንሸሎ እንለዋለን። አባቴ ምጽዋ ወደብ ስለሚሠራ ቤቱ የእናቴና የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ሁላችንም በንጉሠ ነገሥቱ ስር የገባንበት፣ ከትምህርት ቤትም ትግርኛው ወጥቶ አማርኛ የተተካበት ነው። እስከዚያ ድረስ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። በአማርኛ ስፈተን ግን ወደቅኩ። መልሱን እያወቁ ጥያቄው ምን እንደሚል አለማወቅ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ዛሬ በዚያው በጣለኝ ቋንቋ ይህን ስጽፍ ራሴንም ይገርመኛል፤ አዲስ አበባ ያገባ ሰው ምን ያደርጋል?

ከፈተናው በኋላ ምግብ አስጠላኝ፤ ከቤትም አልወጣ አልኩ። እናቴ አንድ ሰሞን ስታየኝ ቆየችና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን ቤት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ገዝታ አመጣችልኝ።

«እንኪ፣ ይሄ አማርኛ አይጠይቅሽም» አለችኝ።

የመኪናው ጠፍር ተበጥሶ ስለነበር መደበር ወረድን። መደበር አሮጌ ብረትና ጎማ ሌላ ዕቃ የሚሆንበት ገበያ ነው፤ እዚያ ካሉት ቀጥቃጮች አንዱ ከመኪና ጎማ ላይ ቀጭን ጠፍር ቆርጦ ሰጠን። ጎማው አንዳንዴ ስለሚያንሸራትት መርፌው ይዘላል። ስፌቴ በተጣመመ ቁጥር የምሰድበው እሱን ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአቡጀዲ ትራስ ልብስ ነው። አንዱ ጎኑ ከሌላው ረዝሞ፣ ትራሱ ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጭ መሰለ። እናቴ ግን «ጽቡቕ! ግሩም ነው!» ብላ የራሷን ትራስ ከተተችበት። ከዚያ ሽርጥ መጣ፣ የወጥ ቤት መጋረጃ መጣ፣ ለአክስቴ ልጅ ጉርድ ቀሚስ መጣ። ማታ ማታ አገሩ ሁሉ ለብሶ በትልቁ ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራሸር፣ እኔ የሱቆቹ መስታወት ላይ ተለጥፌ የኮሌታ ቅርጽ በዓይኔ እሰርቅ ነበር። ቤት ስደርስ ሳይጠፋብኝ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እስለዋለሁ፤ እቆርጠዋለሁ።

በቤታችን አንድ ሕግ ነበር። ከመኪና የወረደ ልብስ ዘይትና አቧራ ስላለበት ሳይታጠብና ሳይተኮስ አይለበስም። አጣቢዋም ተኳሿም እናቴ ነች። «አንቺ አዲሱን ጀምሪ» ትለኝና የጨረስኩትን አጣጥፋ ትወስደዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመለስ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ እጥፋቱ እኩል ሆኖ፣ እጅጌው ትከሻ ላይ ጋደም ብሎ ይመጣል። እኔ ተገርሜ ሳገላብጠው እናቴ ካውያውን ወደ ቦታው እየመለሰች ያቺኑ ቃሏን ትደግምልኛለች። ጨርቅ በውሃና በእሳት እንደሚታረም፣ ሰፊው የሚጠበቅበት መገጣጠም ብቻ እንደሆነ ተማርኩ። ማን ነግሮኝ ልጠራጠር?

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ክር ቶሎ ያልቃል። ትናንት ሙሉ የነበረ ድውር ዛሬ እንጨቱ ታይቶ አገኘዋለሁ። እናቴን ብጠይቃት «ይሄ ማኪና ክር ይበላል» አለችኝ። ለዚህም መኪናውን ሰደብኩት።

በካንሸሎው በር አጠገብ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ጎረቤት ነበሩ። ድሮ ከኮምቢሽታቶ ጀርባ በአንዲት ጣልያን ሲኞራ ስፌት ቤት ሳርታ፣ ማለት ልብስ ሰፊ፣ ሆነው ሠርተዋል። እግራቸው ማበጥ ሲጀምር ሥራውን ትተው፣ ቤታቸው በእጅ የምትዞር ትንሽ መኪና ይዘው ቀሩ። ከሰዓት በኋላ የዚያች መኪና ድምፅ ግቢ ድረስ ይሰማል። ለራሴ «እኚህ ሴትዮ እግራቸው ቢያምም ደንበኛ አላጡም» እል ነበር። አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝና «ጓለይ፣ ልጄ፣ እስቲ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፣ እጅሽን ልይ» አሉኝ። ልቀመጥ ስል እናቴ ከቤት ውስጥ «ነዪ፣ ወጡ ሊያር ነው!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ገባሁ። ወጡ ገና አልተጣደም ነበር።

የግቢው ሴቶች ሳልፍ «ሳርታ መጣች» ይሉኛል፤ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ፈገግ ሲሉ በኩራት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነጭ የፖፕሊን ሸሚዝ ሰፋሁ፤ ኮሌታው ክብ፣ እጅጌው አጭር። ስጨርሰው አንገቱ ላይ ተጨማዶ ነበር፤ እናቴ ወስዳ ስትመልሰው ግን የኮምቢሽታቶ መስታወት ውስጥ ቢሰቀል የማያፍር ሆነ። ያን ቀን ቆረጥኩ። «ጎረቤታችን ድሮ ይሠሩባት የነበረችው ሲኞራ ዘንድ ሄጄ ሥራ እጠይቃለሁ» አልኩ። ትምህርቱ ትቶኛል፤ ይህ ግን የእኔ ነው፣ በዚህ እንጀራዬን እበላለሁ አልኩ።

እናቴ መጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አለች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ «ገና ልጅ ነሽ» አለች። የከተማውን ሰው ፈርታልኝ መሰለኝና ሳቅሁባት። የምሄድበት ቀን ጠዋት ሸሚዙን እንደገና አነጠፈችው። ካውያውን እየገፋች ቀና ብላ አየችኝ፤ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ ኮሌታው ተመለሰች። ጨርሳ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችልኝና «ማርያም ትከተልሽ» ብላ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ሲኞራዋ ሸሚዙን ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መገልበጥ ነው። ፊቱን እንኳ አላየችም። ውስጡን፣ የስፌቱን መንገድ፣ የኮሌታውን ጥግ በጣቷ ተከትላ «ብራቫ» አለች። ከዚያ ግማሽ የተሰፋ ልብስና የተቆረጠ ኮሌታ ሰጥታኝ መኪና ላይ አስቀመጠችኝ። ይህ መኪና ጠፍሩ ቆዳ ነው፤ አይዘልም፣ አያንሸራትትም። ስፌቴ ግን ተጣመመ። ኮሌታው አንገቱ ላይ ቆመ፣ አንዱ ጥጉም ወደ ውስጥ ገባ። እኔ አልደነገጥኩም። እንደ ትልቅ ባለሙያ አነሳሁና ሰጠኋት።

«ሲታጠብና ሲተኮስ ይስተካከላል» አልኩ።

ልጃገረዶቹ መኪናቸውን አቁመው ሳቁ። አንዷ መርፌ በአፏ ይዛ ነበርና መርፌው ወደቀባት። ሲኞራዋ አልሳቀችም። ያመጣሁትን ሸሚዝ አንስታ በጣልያንኛ በተቀላቀለ ትግርኛዋ «ይሄን የሰፋው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ኖ፣ ኖ» አለች፤ ቁጣ የለባትም። የኮሌታውን ጥግ ከውስጥ በኩል አሳየችኝ፤ ክሩ ከማለቁ በፊት ወደ ኋላ ተመልሶ በሦስት ትንንሽ የእጅ ጥልፎች ተይዟል። «ይሄን እጅ አውቀዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ስር፣ እግሯ እስኪያብጥ ድረስ ተቀምጣለች። ሰላም በይልኝ።»

ሸሚዙን ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። መርፌው የወደቀባት ልጅ በሩን ከፈተችልኝ።

እስከ ሓዝሓዝ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሽርጡ፣ መጋረጃው፣ ጉርዱ፣ ያቺ ከሰዓት በኋላ የምትዞረው ትንሽ መኪና፣ ያለቀው ክር ሁሉ ተራ በተራ መጡብኝ። ጎረቤታችን በሩ አጠገብ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሸሚዙን ጭናቸው ላይ ጣልኩት።

«ሲኞራ ሰላም ብላዎታለች» አልኩ።

የኮሌታውን ጥግ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ለእናትሽ ነግሬያት ነበር» አሉ። «ልብሱን አትላኪልኝ፣ ልጅቱን ላኪልኝ አልኳት። እሷ ግን ‹እንዳታውቅ፣ እንዳታውቅብኝ› አለች። እናት ናት፣ ምን ልበላት?»

ይሄኔ ነው የተቃጠልኩት። እስከዚያ ድረስ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አጠገቤ፣ ከደጃፋችን አምስት ርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ሙያውን ልታስተምረኝ የተዘጋጀች ሴት ነበረች፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ጎማ እሰድባለሁ። ካንሸሎው ሁሉ ያውቅ ነበር። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ከእኔ ብቻ ተደብቆ ኖሯል።

እናቴ ስገባ ፊቴን አይታ ቁጭ አለች።

«ከዚያ ፈተና የተመለስሽ ቀን ያየሁትን ፊት ድጋሚ ማየት አልቻልኩም» አለችኝ። «አንድ ልብስ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሲመለስልሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ።»

«ዛሬ ጠዋትስ? ስትተኩሺልኝስ?»

«ምናልባት ሸሚዙን ብቻ አይታ ትቀበልሽ ይሆናል አልኩ። ከገባሽ በኋላ እዚያው ትማሪያለሽ አልኩ።»

«ስትስቂብኝ ነበር» አልኳት።

«ኣይፋልን፣ የለም ጓለይ! አንድ ቀን እንኳ አልሳቅኩብሽም።»

እውነቷን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መስማት አልፈለግሁም። ትምህርት ቤቱ ባዕድ ነው፤ በማላውቀው ቋንቋ ጠየቀኝ፣ ወደቅኩ፣ ግን ቢያንስ «ወድቀሻል» ብሎ በፊቴ ነገረኝ። በማውቀው ቋንቋ፣ በገዛ ቤቴ ያታለለችኝ እናቴ ናት። ይህን አልኳት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

ያን ክረምት ጎረቤታችን ዘንድ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መፍታት ነው። በምላጭ ጫፍ፣ ጨርቁን ሳይነኩ፣ ክር በክር። ያበላሸሁትን ሁሉ በራሴ እጅ አስፈቱኝ፤ ስፌት የገባኝ በዚያ ነው። ከእናቴ ጋር ግን የምንነጋገረው «ጨው አቀብዪኝ» ያህል ብቻ ነበር።

ኅዳር ማርያም ሲቃረብ እናቴ ጨርቅ ገዝታ መጣችና መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«ለበዓሉ ቀሚስ ስፊልኝ» አለች።

«ለማን ወስደሽ ልታሰፊው?»

ጨርቁን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ሰፋሁላት። ገና ተማሪ ነኝ፤ ግራ እጅጌው ወደ ኋላ ይስባል፣ ወገቡ ላይ እጥፋቱ አይገጥምም። ፈትቼ ልመልሰው እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ተውኩት። እንድታፍር ፈለግሁ። ራሴ አጠብኩት፣ ራሴ ተኮስኩት፤ ካውያውም ምንም አላቃናም።

በበዓሉ ቀን ለበሰችው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ብታደርገው እጅጌው ይሸፈን ነበር፤ እሷ ግን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ያዘችው። ሴቶቹ ሁሉ ወጥተው በቆሙበት ካንሸሎውን መሀል ለመሀል አቋርጣ ወጣች። አንዷ ጎረቤት «ማን ሰፋው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «ጓለይ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቀኑን ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ በዚያ ጠማማ ቀሚስ ዋለች።

በማግስቱ አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ማንም በሌለበት ሰዓት ወጣሁና ገለበጥኩት። እጅጌውን አየሁ፤ ወገቡን አየሁ። ክሩ ሁሉ የእኔ ነበር፤ ጠማማውም ሁሉ የእኔ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቀሚሱን ፊቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

እናቴን ያን ቀን ይቅር አልኳት። እጄ ግን አልሰማም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ልብስ ሰፍቼ፣ ስንት ሰው አልብሼ፣ ዛሬም አንድ ሰው «እጅሽ ይባረክ» ሲለኝ ጣቴ ቀድሞ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ልብሱን እገለብጠውና የእኔ ስፌት መሆኑን አያለሁ፤ «አሜን» የምለው ከዚያ በኋላ ነው።