በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ

ኮልፌ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ፋብሪካ ጀርባ፣ አንዲት የቴኒስ ሜዳ አለች። ቀይ አፈር ናት፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ፋብሪካው ድሮ ለሠራተኞቹ ብሎ ነው ያሠራት። አሁን የምንጫወትባት ግን ባለሱቅ፣ ባለጋራዥ፣ የባንክ ሰው፣ እንዲሁም እኔን የመሰለ አየር ጤና ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነን። ሰላሳ እንኳ አንሞላም። ለዚህ ጥቂት ሰው ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹምና የውድድር ኃላፊ አለን። ክብ ማህተምም አለን። የውድድር ኃላፊው እኔ ነበርኩ።

ኮሮና ሲመጣ ሜዳዋ ተዘጋች። በመዘጋቷ ማንም አላጉረመረመም፤ ያኔ ያልተዘጋ ነገር አልነበረም። የሚያሳፍረው የተከፈተችበት መንገድ ነው።

ሊቀመንበራችን የውጭ አገር የቴኒስ ሰዎች ምን ዘዴ እንደፈጠሩ ከስልኩ ላይ አነበበልን። ተጫዋች ሁሉ ምልክት ባደረገበት በራሱ ኳስ ብቻ ሰርቭ አድርጎ ጨዋታ ያስጀምራል፤ የሌላውን ኳስ በእጁ አይነካም፣ በራኬት ወይም በእግሩ ይመልሳል። መጨባበጥ ቀርቶ ራኬት ከራኬት ማነካካት። ጥንድ ጨዋታ ቀርቶ ነጠላ ብቻ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ጥሩ ሐሳብ እኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን አውቀዋለሁ።

ጸሐፊው «ኳሶቹ መጽዳት አለባቸው» ብሎ ተነሳ። በጨርቅ ይወለውላቸዋል ብለን ነበር። በማግስቱ ስንመጣ የክለቡን ኳሶች በሙሉ ባልዲ ሙሉ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፎ አሳድሯቸዋል። ቢጫው ቀለም ነጥቷል፤ ጸጉራቸው ተላልጧል፤ ውሃ ጠጥተው እንደ ድንች ከብደዋል። መሬት ላይ ሲጣሉ እዚያው ይቀራሉ። በዚያ ላይ ጊዜው አዲስ ኳስ በፍለጋም የማይገኝበት ነበር። እሱ ግን ኮራ ብሎ፣ «አሁን ንጹህ ናቸው» አለን። ንጹህስ ንጹህ ነበሩ። ኳስ ግን አልነበሩም። ከቤቱ የራሱን ኳስ ማምጣት የቻለ በራሱ ተጫወተ፤ እነዚያን በባልዲያቸው መጋዘን ጥለናቸው ረሳናቸው።

የግቢው ጥበቃ ደግሞ የሙቀት መለኪያ ተሰጠው። ጎልማሳ ነው፤ ቀልደኛ። መለኪያው የማንንም ግንባር ሲያይ ሰላሳ ሁለት ነው የሚለው። ሰላሳ ሁለት የሬሳ ሙቀት ነው። እኛ ግን ግንባራችንን አቅርበን፣ ቁጥሩን ሰምተን፣ አመስግነን እንገባለን። አንዱም የኮሚቴ አባል «ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ?» አላለም። አንድ ቀን ጥበቃው ራሱ ታክቶት፣ «ዛሬም ሞተዋል፣ ይግቡ» አለኝ።

መረብ በመሃላችን፣ ከሃያ ሜትር በላይ ተራርቀን የምንፈራው በሽታ ከግቢው ስንወጣ ይረሳናል። ፊት ለፊት ካለችው ሽሮ ቤት ገብተን አንድ ትሪ ለአምስት እንከባለን። ማስኩ አገጭ ላይ ይወርድና ሊቀመንበሩ ጠቅልሎ ያጎርሰናል። ኳሴን በእጁ መንካት የተጸየፈው ሰው ጣቱን አፌ ውስጥ ይከታል። እኔም አፌን ከፍቼ እቀበላለሁ።

እስከዚህ ያለውን ስቄ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ያወጣነው ደንብ ግን ቁጥር አምስት ነበረው፦ ዕድሜያቸው ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ አባላት፣ ለራሳቸው ደህንነት ሲባል፣ እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ ወደ ሜዳ አይገቡም። ከእኛ መሃል ስልሳን ያለፉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የጥንድ ጓደኛዬ።

ጋሼ እላቸዋለሁ። የዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ከሜዳዋ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ራኬት አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን በአንድ ወገን ተጫውተናል። ክለቡ ውስጥ የቀረ አንድ የረባ ልማድ ቢኖር የእሳቸው ነው፦ የተሸነፈ ሜዳውን ይጠርጋል። ጆንያ የተቸነከረበትን ጣውላ በገመድ እየጎተተ፣ የእግሩን ዱካ ሁሉ አጥፍቶ ይሄዳል። ሊቀመንበርም ቢሆን ይጎትታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚሄዱባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሁድ ቸርች፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሜዳ። ያቺ የሁለት ሰዓት ተራ፣ ፀሐዩ ሳይከር ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከድሮ ጀምሮ የእሳቸው ናት። ቸርቻችን አንድ ነው፤ እሱም ተዘግቶ ነበር። ሜዳዋን የዘጋንባቸው ግን እኛ ነን።

ደንቡ የወጣ ዕለት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር ማን ነው የወሰነው?»

«ኮሚቴው ነው ጋሼ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ተቃወምኩ ጋሼ። በድምፅ በለጡኝ።»

«በል ጌታ ይባርክህ» ብለው ዘጉት።

አልተቃወምኩም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልለመነኝም። እሳቸው ከቀሩ የቅዳሜዋ ሁለት ሰዓት ለእኔ እንደምትደርስ ስላወቅኩ፣ ደንቡ ሲዞር ተቀብዬ አራተኛ ፈረምኩ። እኛ ደግሞ ማህተም የምንወድ ሰዎች ነን፤ ሌላው ክለብ ደንቡን ጽፎ ይለጥፋል፣ እኛ ግን ወረቀቱን ከአምስት ፊርማና ከክብ ማህተም ጋር ነው የውጭ በሩ ላይ የለጠፍነው። ውሸቴን እየተናገርኩ ማስረጃው በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንዳይገቡ ስለተከለከሉ በሩ ድረስ አይመጡም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የነጋዴ ጭንቅላት ለራሱ ሲሆን እንዲህ ነው የሚሠራው።

ወራት አለፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጋሼ ሰዓት ተጫወትኩ። መጥረግ ቀርቶ ነበር፤ ሁሉም «ገመዱን መንካት ኮሮና ያስይዛል» እያለ ላቡን ጠርጎ ወደ ሽሮው ይሮጣል። የሚገርመኝ ግን ጠዋት ስመጣ ሜዳዋ እስከ ጥግ ተጠርጋ ነው የማገኛት። ጥበቃው መስሎኝ አመሰገንኩት። እሱ ግንባሬን ለካኝ።

ነገሩ ሲላላ ኮሚቴው ቁጥር አምስትን አነሳ። በሽታው ስለቀነሰ እንዳይመስላችሁ፤ ስልሳን ያለፉት የሊቀመንበሩ አማት አባል ሆነው መጫወት ስላማራቸው ነው። ጥንድ ጨዋታ ተፈቀደ፤ የመክፈቻ ዋንጫ ተዘጋጀ። አዲስ ኳስ ስለጠፋ ውድድሩ በነዚያ በረኪና በጠጡት ኳሶች ይሁን ተባለ። መጋዘኑ ሲከፈት ባልዲው ቦታው ላይ ነበር፤ ኳሶቹም ደርቀው ቀለል ብለዋል፤ ሲነጥሩ ግን ከቁርጭምጭሚት አያልፉም። እኔ ብርቱካን ገዝቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ደህና አድርገው ተቀበሉኝ። ከስተው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ፊታቸው ፀሐይ መትቶት ጠይሟል።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እንደ ድሯችን እንመዝገብ» አልኳቸው።

«እኔ እንኳ ጓደኛ ይዣለሁ» አሉኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ብርቱካኑን ግን አመስግነው ተቀበሉ። ሌላ ሰው ስላጣሁ ከሊቀመንበሩ ጋር ተመዘገብኩ።

የውድድሩ ቀን ከጋሼ ጎን ራኬት ይዞ የቆመው ጥበቃው ነው። የደንብ ልብሱን ሱሪ እንደለበሰ። ሊቀመንበሩ፣ «አባል ያልሆነ አይጫወትም!» ብሎ ጮኸ። ጥበቃው የአባልነት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ ማህተሙ አለ፣ የሊቀመንበሩ ፊርማም አለ። እንደ ልማዱ ሳያነብ ነው የፈረመው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልመኝም። እኛ እንደለመድነው ኳሷ ትነሳለች ብለን እንጠብቃለን፤ አትነሳም። እነሱ ግን እያንዳንዷን ኳስ ያውቋታል። ጋሼ ከመረቡ ሥር ለስለስ አድርገው ያስቀምጧታል፤ ሊቀመንበሩ ሆዱን ይዞ ሲደርስ ኳሷ ተኝታለች። ጥበቃው ከኋላ ይሸፍናል። ሳይነጋገሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። እንዲህ ያለ መግባባት በአንድ ሳምንት እንደማይመጣ እኔ አውቃለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ለማምጣት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቦታ ስንቀያየር ጥበቃውን በጎን ሳልፈው፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከተከለከሉ በሳምንቱ» አለኝ። «በየጠዋቱ፣ እናንተ ሳትነሱ፣ በባልዲው ኳሶች። ስንጨርስ የተሸነፈው ይጠርጋል። ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ።»

አንድም ዙር ሳናገኝ ተሸነፍን። ሊቀመንበሩ ስለ ኳሱ እያማረረ ወጣ። እኔ ግን ወደ መረቡ ሮጥኩና፣ ይቅርታ ልጠይቅ ይሁን እንኳን ደስ ያለዎት ልል ሳላውቅ፣ እጄን ዘረጋሁላቸው።

ጋሼ እጄን አዩት። ከዚያ ራኬታቸውን በመረቡ ላይ አሻግረው ያዙልኝ።

«መጨባበጥ ክልክል ነው ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ቁጥር ሁለት። በየቀኑ ስገባ አነበዋለሁ፤ አራተኛው ፊርማ ያንተ ነው።»

ራኬቴን አንስቼ ከራኬታቸው ጋር አነካካሁ። ከጥበቃው ጋር ወደ ሽሮ ቤቷ ሲሄዱ፣ እኔ ገመዱን ይዤ መጥረግ ጀመርኩ።