ቅቤ የነካው ከበሮ

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። የነገሌን ቀይ አቧራ ገና የገበያተኛ እግር አልቀሰቀሰውም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመችና፣ «የምትመቺው አንቺ ስለሆንሽ የምትመርጪውም አንቺ ነሽ፤ ቶሎ በይ» አለችኝ። ከበሮ ልንገዛ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ትናንት ከገበያ የገዛሁት ለጋ ቅቤ ነው። የተጠቀለለበትን ቅጠል ስፈታ ትንሽ መዳፌ ላይ ቀረ፤ ሽታው ሲደርሰኝ ያዝኩትን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ወዳጄ፣ ባለፈው ውሻ ለምን እንደማላሳድግ ጠይቀሽኝ፣ የቤቱ ባለቤት አይወዱም ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የቤቱ ባለቤት ምንም ብለውኝ አያውቁም።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ ክብረ መንግሥት ከተማ ለሚያስተምር ሰው ታጭታ፣ ለሠርጉ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። እናቴ ከሰሜን ይዛው በመጣችው ልማድ፣ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ከበሮውን የምትመታው ታናሽ እህቷ ናት። ሌላ ሰው ከመታው ቤተሰቧ ሸኛት አይባልም። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ ልጅ ነበርኩ። እፊቱ ተቀምጬ መምህሩ «ቀሪ» ብሎ የመዘገበኝ ቀን አለ፤ ያን ጊዜም አለሁ አላልኩም። በዳስ መሀል ከበሮ አንግቤ፣ ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሆኖ መቆሙን ሳስበው መደበቂያ እፈልግ ነበር።

የሠፈሩ ሴቶች የጋራ ከበሮ ነበራቸው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ተውሶት ለበዓል ሲደበድበው ቆዳው ተተረተረ። «አብዮቱ ቀደደብን» ትል ነበር እናቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከበሮ ሠሪው ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። በጦርነቱ አንድ እግሩን ተመትቶ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ከገበያው ዳር በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ኮርቻና የአልጋ ጠፍር ይሠራል። ያን ዕለት ሦስት ከበሮዎች ጥላው ውስጥ ተንጠልጥለው ነበር። ቤቱ የጥሬ ቆዳና የትንባሆ ሽታ ይሸታል።

«ምቻት፣ አትነክስሽም» አለኝ የመጀመሪያውን አውርዶ።

በጣቶቼ ጫፍ ነካሁት።

«ዝንብ ነው የምታባርሪው?»

«ዓይነ አፋር ናት፣ ወንድሜ» አለች እናቴ እየሳቀች።

«ዓይነ አፋር መሆን ያለባት ሙሽራዋ አይደለችም እንዴ? ይቺን ምን አገባት?»

ሁለቱ ከበሮዎች ገና ሲነኩ የሚጮኹ ነበሩ። ሦስተኛው ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ቆዳ የለበሰ ነው፤ ስመታው በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው የሚመስል ለስላሳ ድምፅ ሰጠኝ። ወዲያው «ይሄ» አልኩ። እናቴ እንዲህ ፈጥኜ መናገሬ ገርሟት አየችኝ።

«ይቺን? ቆዳዋ ገና እርጥበት አለው» አለ ሰውየው። «ጉዷ የሚወጣው ፀሐይ ስታገኝ ነው።» ማንገቻዋን እያጠበቀ ለእናቴ ትእዛዙን ቀጠለ። «ማታ ማታ ቤት አስገቧት፣ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አውጧት። ቅቤ ግን እንዳታስነኳት። እናንተ ሴቶች ቁርበቱንም አገልግሉንም በቅቤ ማሸት ትወዳላችሁ፤ ከበሮ ቅቤ ከነካት ድዳ ሆነች ማለት ነው።»

ስለ ፀሐዩ የተናገረውን ልብ አላልኩትም። ለስላሳ ከበሮ አገኘሁ ብዬ ደስ እያለኝ አቅፌው ወደ ቤት ሄድኩ።

በራችን ላይ የጠበቀን ቡሬ ነው። ቡሬ ውሻችን ነበር፤ ግራ ዓይኑ ላይ ጥቁር ምልክት ያለበት፣ ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ። አባቴ ከብት ክትባት ሠራተኛ ስለሆነ በሊበን ገጠር ሁሉ «ዶክተር» ይሉታል፤ ቡሬን ቡችላ ሳለ የሰጡት ከብቶቻቸውን የከተበላቸው አንድ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ከቡሬ ሌላ ድመት ነበረችን፣ እናቷ ሞታባት አባቴ ከመንገድ ያመጣት የሚዳቋ ግልገልም ነበረች። ግልገሏ በጡጦ ነው የምትጠባው፤ ስትተኛ ቡሬ ሆድ ላይ ነው። አባቴ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያመጣውን ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ግቢው ውስጥ ሲያሰጣ፣ ቡሬ አጠገቡ ተኝቶ ይጠብቃል እንጂ አይነካም ነበር። ጎረቤቶች ይህን ሲያዩ «ይሄ ውሻ ሳይሆን ዘበኛ ነው» ይሉ ነበር።

እናቴ ከበሮውን በርጩማ ላይ አድርጋ ፀሐይ ላይ አወጣችው። ስድስት ሰዓት ላይ ሄዳ አንዴ መታችው። ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ግልገሏ አልጋ ሥር ገባች። ያ በብርድ ልብስ ውስጥ የነበረው ድምፅ ግቢውን አናወጠው። እህቴ የምትፈትለውን ጥላ ወጣችና ትከሻዋን እየነቀነቀች፣ «እንዲህ ነው እንጂ። እስከ ክብረ መንግሥት ይሰማል» አለች። እናቴ ከበሮውን አንገቴ ላይ አጠለቀችው። አንድ ጊዜ መታሁ። ድምፁ ደረቴን መልሶ የመታኝ መሰለኝ። የጎረቤት ልጆች ባጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ፤ አንዷ «ማን ናት?» ስትል ሌላዋ «ያቺ የማታወራዋ» አለቻት።

ከምሳ በኋላ እናቴና እህቴ ለሠርጉ ትልልቅ ድስት ለመዋስ ወደ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ሄዱ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ብዙም አላሰብኩም፤ ወይም ከበሮው ግቢውን ካናወጠ ጀምሮ ሳስብ ቆይቼ ኖሮ ጨርሼው ነበር። ጓዳ ገብቼ ከቅሉ ቅቤ በጣቴ ዛቅሁ። ከበሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ትልቁንም ፊት ትንሹንም ፊት አሸሁት። ቆዳው ፀሐይ ስለሞቀው ቅቤውን ወዲያው ይጠጣው ነበር፤ ደግሜ አመጣሁ። ቡሬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አፍንጫው ይንቀሳቀሳል እንጂ አልተጠጋም፤ አንዴ ብቻ ጣቴን ላሰኝ። «ሂድ» አልኩት፤ ሄደ። ከበሮውን መታ ሳደርገው ድምፁ እንደ ጠዋቱ ሆነ፤ እንዲያውም ከጠዋቱ ያነሰ። ደስ አለኝ። እናቴ እንዳይገባት መልሼ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩትና ግልገሏን ጡጦ ላጠባ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ግልገሏ ጠጥታ እስክትጨርስ ነው የቆየሁት። ከጓሮ የሰማሁት ድምፅ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ስደርስ ቡሬ ከበሮውን በሁለት እጆቹ መሀል ይዞ ትልቁን ፊት እስከ ጠፍሩ በልቶታል። ሲያየኝ አልሸሸም። ጅራቱን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ፤ ቀድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝና።

እናቴ ስትገባ ድስቱን ከራሷ ላይ ሳታወርድ ቆማ ቀረች። እህቴ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ሠርግ ሲቃረብ ከበሮ መቀደዱ ደግ ምልኪ አይደለም ይባላል። ትንሽ ቆይቶ አባቴ መጣ። ቡሬን የሰጡት ሽማግሌ ከገበያ አብረውት መጥተው ነበር።

«ናጋ? አካም፣ ናጋ?» እያሉ ገቡ ሽማግሌው፤ የተቀደደውን ሲያዩ ግን ሰላምታቸው ተቋረጠ።

«እርስዎ የሰጡን ውሻ ነው» አለች እናቴ። «ይዩልኝ፣ አባ።»

«ቡሬ?» አለ አባቴ። «ስንት ቆዳ አጠገብ ተኝቶ ያደረ ውሻ? ማን ነበር ቤት?»

«እኔ» አልኩ።

«ምን አግኝቶት ነው?»

«አላውቅም።»

ሽማግሌው ቁጢጥ ብለው አንዲት ቁራጭ ቆዳ አነሱ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል አሹዋት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት ፊቴን ሳይሆን እጆቼን ነበር። እጆቼን ወደ ኋላዬ ወሰድኩ።

«ዶክተር፣ እኔን ስማ» አሉ። አማርኛቸው ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ «እርስዎ» የሚባል የላቸውም። «ቆዳ ብሎ ቆዳ የበላ ሰሬ፣ ውሻ ማለቴ፣ እኛ ቤት አይገባም። አልጋችን ቆዳ፣ ገመዳችን ቆዳ፣ ወተት የምናንጠለጥለው ቆዳ። ሌላ ነገር ሸትቶት ከሆነ ግን ሰሬው ጥፋት የለውም። እንዲያ ከሆነ፣ አንተ አልፈልገው ካልክ እኔ ይዤው እሄዳለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ቆዳው ላይ ሌላ ነገር ነበር?»

ሁሉም አዩኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ቅቤ ማለት። ያቺ ቃል ግን ብቻዋን አትወጣም። ለምን ቀባሽው የሚለውን ታስከትላለች፤ እህቴን ለመሸኘት አፍሬ መሆኑን ታስከትላለች፤ እህቴ ደግሞ እዚያው ቆማ ታለቅሳለች።

«አልነበረም» አልኩ።

ሽማግሌው ቁራጯን መሬት ላይ አኖሯት። አባቴ ወሰነ። በሚቀጥለው ሳምንት ሠንጋ የሚታረድበት፣ ቆዳ የሚሰጣበት ቤት ውስጥ ቆዳ የለመደ ውሻ አይኖርም። ወደ ፊልቱ የሚመላለስ የሚያውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ለከብት በረት ዘበኛ ውሻ ፈልጎ ነበር፤ ጠዋት ይዞት ይሄዳል። «ለኔም አልቀለለኝም፤ ግን እዚያም ይመቸዋል» አለ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም። ሽማግሌው ሻይ ቀርቦላቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጡ። እንዲያ ሲቆዩ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እህቴ መጥታ ትከሻዬን አቀፈችኝ። «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለችኝ።

ከበሮ ሠሪው ሐሙስ ዕለት አዲስ ቆዳ አልብሶ መለሰልን። እሑድ ከበሮውን መታሁ። አንድም ሰው እኔን አላየም፤ ሁሉም የሚያየው እህቴን ነበር። ዘፈኑና እልልታው ከበሮውን ውጦት የራሴን ምት እኔም አልሰማሁትም። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

እናቴ እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ስትቀመጥ ከበሮ ስለበላው ውሻ ታወራለች። አሳምራ ነው የምታወራው፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለዕረፍት ነገሌ ሄጄ ሽማግሌውን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ስለ አባቴ ሞት አዘኑልኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ «ያን ቀን የቆየሁት ሻይ አምሮኝ አይደለም» አሉ። «አንቺን እየጠበቅሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«እኔ ብናገር አንቺ ሌባ ትሆኛለሽ። አንቺ ብትናገሪ ግን ልጅ ነሽ።» በትራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ደግሞ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር።»

ያኔም ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ደህና ይዋሉ ብዬ ሄድኩ።

ከበሮው በተቀደደ ማግስት ጠዋት የሆነውን ግን እሳቸውም አያውቁም። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናው በራችን ላይ ቆመ። አባቴ የቡሬን ገመድ ይዞ ወጣ፤ ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ሳበ፤ አባቴ ከሥር አነሳ። ቡሬ አራት እግሩን ዘርግቶ መሬቱን ያዘ። አልነከሰም፣ አልጮኸም፤ አልሄድም ብቻ አለ። አባቴ ላብ በላብ ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ሊያነሳው ሞክሮ ሲያቅተው ወደ በሩ ዞረ፤ እኔ መቃኑን ተደግፌ ቆሜ ነበር። «እስቲ አንቺ ጥሪው» አለኝ።

ወደ መኪናው ሄድኩ። ጎማውን ረግጬ የጭነቱ ሳጥን ላይ ወጣሁ፤ በጨው ጆንያዎቹ መሀል ቆምኩ። መንገዱ ላይ ሰዎች ነበሩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመው ያዩኛል። አፌን ከፍቼ፣ በዕድሜዬ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ፣ «ቡሬ፣ ና» አልኩ።

አንድ ጊዜ ነው የጠራሁት። ገመዱ ላላ፤ ዘሎ ወጣና ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አሻሸ። አብረን የምንሄድ መስሎት ጆንያው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሹፌሩ ገመዱን ከብረቱ ጋር አሰረ። እኔ በሌላው ወገን ወረድኩ።