ወይዘሮ ፍቅርተ ትተዋት የሄዱት ዓሣ

በሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ በሚገኘው በአቶ ገብረጻድቅ ቤት ሳሎን፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍቅርተ ከመምህርነት ጡረታ በወጡበት ዓመት ያስገቡት የመስተዋት የዓሣ ገንዳ አለ። በመጀመሪያ ሦስት ወርቃማ ዓሦች ነበሩበት፤ ሁለቱ በየጊዜው ሞተው አንዲቱ ብቻ ቀረች። አካሄዷ የባላባት ሚስት ይመስላል በማለት ወይዘሮ ፍቅርተ «እሜቴ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። እርሳቸው ካረፉ አንድ ዓመት አልፏል። ልጃቸው ሮዳስ ኑሮዋን አዲስ አበባ ስላደረገች፣ የእጃቸውን ጉርሻ ከለመዱት ሁሉ በዚያ ቤት የቀረችው እሜቴ ብቻ ናት።

አቶ ገብረጻድቅ ለዓሣም ሆነ ለውሃ እንግዳ አልነበሩም። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከጎርጎራ መጥተው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ነድተዋል። በማለዳ፣ ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሳይነሣ፣ ሞተሩን አጥፍተው ከጀልባዋ ጎን ጎንበስ በማለት በእፍኛቸው ቀድተው ይጠጡ ነበር። ወይዘሮ ፍቅርተን ያወቋቸውም ተማሪዎቻቸውን ጉማሬ ሊያሳዩ ባመጡ ዕለት ነው። መምህርቷ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው አልለቅ ቢሉ፣

«ዋና ሳይችሉ ጀልባ ላይ ምን አወጣዎት?» አሏቸው።

«ነጂው ይችላል ብለውኝ ነው፤ ዋሹኝ እንዴ?»

በዚያ ዓመት ጥቅምት ተጋቡ።

ስሕተቱ የተሠራው ከሙት ዓመቱ ማግስት ነው። አቶ ገብረጻድቅ በናፍቆት ተይዘው፣ የቧንቧ ውሃ ለዓሣ ምን ይፈይዳል በማለት፣ ከሐይቁ ዳር በሁለት ጀሪካን ውሃ ቀድተው አመጡና የገንዳውን ግማሽ ለወጡት። በሳምንቱ በእሜቴ ክንፎች ላይ የስኳር ቅንጣት የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡ። ሰውነቷን ከጠጠሩ ጋር ትፈትግ፣ ምግብም እምቢ ትል ጀመር። እርሳቸውም የሐይቁ ውሃ ያነሰባት መስሏቸው ሦስተኛ ጀሪካን ጨመሩ። በነጋታው እሜቴ ከገንዳው ጥግ ተለጥፋ ከመተንፈስ በቀር አትንቀሳቀስም ነበር።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ ገብተው አዩና፣ «ጋሽ ገብረጻድቅ፣ በዚህ ከተማ ዓሣ ሲጠበስ እንጂ ሲታመም አላየሁም» አሉ።

«የፍቅርተ ናት» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

ወይዘሮ ሙሉ ሌላ አልቀለዱም። «እንግዲያማ ዓሣዋን የሸጠላቸውን ሰው ይጠይቁ እንጂ» አሉ።

ሻጩ ሱልጣን በዚያው በሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ጠባብ ሱቅ አለው፤ ግማሹ የወፍ ቤት፣ ግማሹ የዓሣ ገንዳ ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማና፣

«ጋሼ፣ ውሃው ከየት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ከሐይቁ። ከራሱ ከሐይቁ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«እንግዲያው ያሳመሟት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ያን ውሃ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠጥቼዋለሁ።»

«እርስዎማ ጠጥተው ሄዱ፤ እሷ ግን ውስጡ ነው የምትውል የምታድር። የሐይቁ ዓሣ ከነተባዩ አብሮ አድጓል። ይህቺ የመስተዋት ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች? እትዬ ፍቅርተ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ክፍቱን አሳድረው ነበር የሚያደርጉላት።»

አቶ ገብረጻድቅ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ሁልጊዜ ይቀመጥ የነበረውን ክዳን አልባ ባልዲ ያውቁታል፤ በእግራቸው እየነኩት ስንት ጊዜ አጉረምርመዋል። ከቀብሩ በኋላ ለሰው የሰጡትም እርሳቸው ናቸው።

«ትድናለች?»

«አልዋሽዎትም ጋሼ፤ ዘግይተዋል። የሐይቁን ውሃ ይድፉት፤ ጠጠሩን ይቀቅሉት። አዮዲን የሌለው ጨው፣ የከብቱን አሞሌ፣ ወቅጠው ለአሥር ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው።»

አቶ ገብረጻድቅ ከገበያ አሞሌ፣ ከሱቅም አዲስ ባልዲ ገዝተው ተመለሱ። ውሃውን አሳድረው፣ እሜቴን ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን አውጥተው ገንዳውን ሲደፉ፣ የሐይቁ ሽታ በደጃፉ ሽቅብ አወዳቸው፤ የወጣትነታቸው ማለዳ ሁሉ በዚያ ሽታ ውስጥ ነበረና ለጥቂት ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ የውሃውን ሲሶ በጨው ውሃ ይለውጡ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ብሶ ዓይኗ ድረስ ደረሰ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። በዘጠነኛው መርገፍ ጀመረ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዲት የተቀቀለች አተር ልጠው በጣታቸው ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ ቢያደርጉ፣ እሜቴ ከጥጓ ወጥታ፣ ረጋ ብላ፣ ከጣታቸው ወሰደች።

ወዲያው ሮዳስ ዘንድ ደወሉ።

«በላች» አሉ።

«እፎይ! ግን አባዬ፣ ምን ነክቷት ነበር?»

ስለ ሕመሟ እንጂ ስለ ውሃው እስከዚያ ቀን ለልጃቸው አልነገሯትም ነበር። «እኔ ነኝ። የሐይቅ ውሃ ሰጠኋት። እናትሽን አስቤ ነው ያደረግሁት፤ እናትሽ ግን እንዲያ አድርጋ አታውቅም።»

ሮዳስ፣ «እማዬ ብትሰማ ምን ትልህ ነበር?» አለች።

አቶ ገብረጻድቅ አሰቡ። «'ገብሬ፣ ጀልባህን ከሳሎኔ አውጣልኝ' ነበር የምትለኝ» አሉ፤ ልክ እንደ ወይዘሮ ፍቅርተ ድምፃቸውን ሰበር አድርገው። ከቀብሩ ወዲህ የባለቤታቸውን አነጋገር በአፋቸው ሲያስመስሉ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ልጅቱ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰሙና ሌላ የእናቷን አባባል ደግሞ ነገሯት።